የፈረምኩበትን ቃል አውቀዋለሁ

ለውድ ወንድሜ ለአያ ማንያዘዋል አዳሙ፤
ዲላ።

ሰላምታዬ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ ከደጅህ ይድረስ። እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? እዚያ ዝናቡ ከእኛም ይብሳል ሲሉ እሰማለሁ፤ ቤታችሁ አላፈሰሰም? ምሕረትስ ከአራስነቷ ተነሣች? ጉልበቷ ተመለሰላት? ሕፃኑ ጡት በደንብ ይጠባል? ዓይኑስ ሰው መለየት ጀመረ? ትልቋ ልጅህ ያ የበጋው ሳል ለቀቃት? ሁላችሁንም በያላችሁበት እንዴት ናችሁ እላለሁ።

እኔ በሕይወት አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደኅና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ካለፈው ጋር ሳስተያየው ዛሬ ሸጋ ነኝ። ደክሞኛል፤ ልክ የሚሆነው ቃል እሱ ነው። በሆስፒታል የሚመጣ ድካም የአጨዳ ድካም አይደለም፤ ተኝተህ ስትነሣም አብሮህ ይነሣል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ከማሉዲን ይባላል። ቡና ሊገዛ ወደ ዲላ ይመላለሳል። ክረምቱን ሙሉ በቤታቸው ያስጠጉኝ የወይዘሮ ዙሌይካ ልጅ ነውና እንደ ወንድምህ ተቀበልልኝ። ስለ እናቱ ኋላ እጽፍልሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ ድምፅህን ስሰማ ማልቀስ እጀምርና ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። በወረቀት ግን ባለቅስም አይታይብኝም።

መስከረም ሃያ ሰባት ቀን በባለቤቴ በታከለ ስልክ ስትደውል፣ እሱ ምሳ ሊያመጣልኝ ወጥቶ ነበርና ስልኩን አባባ አነሣው። የተናገርከውን እኔ አልሰማሁም። የአባባን ፊት ግን አየሁ። ስልኩን ከአልጋዬ ላይ አስቀመጠና «ማንያዘዋል ነው» አለኝ። ያልከውን የሰማሁት በኋላ ታከለ መልሶ ሲደውልልህ፣ ለእሱም ስትደግምለት ነው። «የልጅህን እግር አስቆረጥክ፤ ከእንግዲህ ወጌሻ ብሎ የሚጠራህ ይፈር» ብለኸዋል። ወንድሜ፣ አልፈርድብህም። ከአገር ሰው አፍ ነው የሰማኸው፤ በሩቅ ላለ ሰው ደግሞ ወሬ ግማሹ ይደርሰዋል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሙሉውን እኔ ልንገርህ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ከተቀመጥክበት አትነሣ።

የወደቅሁት ጥር አሥራ አራት ቀን ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከመካነ ብርሃን ገበያ ስንመለስ። ቁልቁለቱ ላይ ውርጭ የያዘው ድንጋይ በቅሎዋን አዳለጣት። ልጓሟን ይዤ ነበርና ይዛኝ ወደቀች። ልነሣ ስል የግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል፤ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ታከለ አዝሎ ወደ አባባ ቤት ወሰደኝ። ሌላ ወዴት ይውሰደኝ? ሰው ከስንት ተራራ ማዶ በቃሬዛ እየተሸከመ የሚመጣው ወደ እሱ አይደል?

አባባ እግሬን አየና ቀና ብሎ በበሩ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ዛሬ ሳስበው ፈርቶ ነበር። ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ዝግ ነበር፤ ማኪና የሚባል አልነበረም። አባባ ይህን ያውቃል። ውኃ አፍልቶ በጨው አጠበው፣ አጥንቱን ስቦ ወደ ቦታው መለሰው፣ ቅቤ ቀባው፣ በቀርቀሃ ደግፎ አሰረው። እኔ ስጮኽ እሱም ያለቅስ ነበር። በሕይወቴ አባባ ሲያለቅስ ያየሁት እማማን ስንቀብርና ያን ቀን ነው።

በአሥረኛው ቀን እግሬ መሽተት ጀመረ። ትኩሳቱ ያቃዠኛል፤ በሬው ገብስ ውስጥ ገባ እያልኩ ታከለን እቀሰቅሰዋለሁ። በሃያኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ ሲባል፣ «ይህ ከእኔ እጅ ወጥቷል፤ ጎንደር አድርሷት» ያለው ራሱ አባባ ነው። ማንም አልገፋውም፤ ማንም አልመከረውም።

ሆስፒታል የገባሁት የካቲት አራት ቀን ነው። አጥንት ክፍል አስተኙኝ። እዚያ ያለነው ሁላችንም የተሰበርን ነን፤ ከማኪና የወደቀ አለ፣ በጥይት የተመታ አለ፣ ከዛፍ የወደቀ አለ። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ በቡድን ይመጡና ከእግርጌህ ይቆማሉ። ትልቁ ዶክተር ይባረክ ይባላል፤ ቀጭን፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ያወሩለታል፣ እሱም በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ስለ እኔ እንደሚያወሩ የማውቀው በጣታቸው ነው። እንደ ገበያ በግ ዙሪያዬን አይተውኝ ያልፋሉ።

መጀመሪያ የያዝኩት ቃል «ኦፕን ፍራክቸር» የሚለውን ነው። ስምንተኛ ክፍል ስንማር ኦፕን ማለት መክፈት ነው ተብለን ነበርና እግሬን ሊከፍቱት ነው ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው «ዴብራይድመንት» የሚል ነው፤ እሱን ጨርሶ ሰምቼው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሉኝ። ማዶ አልጋ ላይ ያለች የሳንጃ ሴት ነበረች፤ እሷም ወረቀት ፈርማ ገብታ እግሯን ትታ ወጣች ብለው አስታማሚዎቹ ነግረውኛል። አልፈርምም አልኩ። ዶክተሩ ተቆጣ፣ ታከለ ለመነኝ፤ እኔ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። መግሉ ወደ መቅኒዬ የዘለቀው በእነዚያ ቀናት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለአባባ አልነገርኩትም፤ አንተ ግን እወቀው። ከእግሬ ጥፋት የእኔም ድርሻ አለበት። በማላውቀው ቃል ፈርቼ አራት ቀን አስበልቼዋለሁ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ወይዘሮ ዙሌይካ ነበሩ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ ከአያት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ። ዳሌያቸው ተሰብሮ እግራቸው በገመድ ተወጥሮ፣ ከአልጋው ጫፍ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። ትራክሽን ይባላል፤ የተሰበረው አጥንት እንዳይደራረብ እየጎተተ የሚያቆየው ነው። እንቅስቃሴ የላቸውም፤ ምላሳቸውና ዓይናቸው ግን አይተኛም። ከትራሳቸው ሥር ደብተር አላቸው። ሐኪም የሚለውን ቃል ሁሉ እንደሰሙት ይጽፉና ነርስ ሲያልፍ ጠርተው ፍቺውን ይጠይቃሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ስሙን የማላውቀውን ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም፤ ስሙን የማላውቀውን ነገርስ በሰውነቴ ላይ ለምን አስደርጋለሁ?» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን መለሰ የሚባለውን ነርስ አልጋዬ ድረስ አስጠሩት። «ይህችን ልጅ ፈሪ ናት አትበሏት። የምትሉትን ቃል በአማርኛ ንገራትና ከዚያ እንቢ ካለች ፈሪ ትባል» አሉት። መለሰ ቆሞ ሊመልስ ፈልጎ ነበር፤ ኋላ ግን ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀመጠ።

«ኦፕን ማለት እንከፍተዋለን ማለት አይደለም» አለኝ። «ስብራቱ ራሱ ክፍት ነው ማለት ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ስለወጣ ቆሻሻ ገብቶበታል። ቆዳው ባይቀደድ ክሎዝድ እንለው ነበር። ዴብራይድመንት ደግሞ እጥበት ነው፤ የሞተውን ሥጋና መግሉን ጠርጎ ማውጣት። እግርሽን አይቆርጥም።»

«ምነው በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ባላችሁኝ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ሰው በዝቶብን ነው፣ ደክሞን ነው አለኝ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ገባኝ። ወረቀቱን አምጣ ብዬ ፈረምኩ።

ሦስት ጊዜ አጠቡኝ። ከዚያ ብረቱን ተከሉልኝ፤ ቆዳዬን ዘልቀው አጥንቴ ውስጥ የገቡ አራት ችንካሮች፣ በውጭ በኩል ደግሞ እነሱን የሚያያይዝ ዘንግ። ስሙ ኤክስተርናል ፊክሴተር ነው፤ እኛ ሕመምተኞቹ ግን አጥር እንለዋለን። ጄሶ ያልተደረገልኝ ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ ስላለበት ነው። የእኔ ሁዳዴና የወይዘሮ ዙሌይካ ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ቢባልም ሁለታችንም ሳንጾም እንደ ጾመ ሰው ከስተን፣ ቀኑን በደብተራቸው ስንማማር ዋልን። ኦስቲዮማይላይትስ መግል አጥንት ውስጥ ሲገባ መሆኑን ተማርኩ። ካለስ የሚሉት ደግሞ አጥንት ሲጠገን የሚያወጣው ለጋ አጥንት ነው፤ በራጅ ላይ ጭጋግ መስሎ ይታያል ይላሉ። አንድ ጠዋት ተማሪው ስለ እኔ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «ካለሱ ታየ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዶክተር ይባረክ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። «ገና ነው ወለላ፤ እንጠብቃለን» አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ አልጋ ጋ ሲደርስ በአማርኛ ሆነ።

አባባ መጋቢት ላይ መጣ። በሶና የታጠበ ነጠላ ይዞልኝ፣ ከአልጋዬ ሥር ተቀመጠ። አጥሩን ችንካር በችንካር በዓይኑ መረመረ። በማግሥቱ ሐኪሞቹ ሲመጡ አንዱ ተማሪ፣ መጀመሪያ ማን ነው ያሰረሽ አለኝ። ይህን የሚጠይቁት ሊጽፉት ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። እኔ ግን፣ የማላውቀው ሰው ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘነው ወጌሻ ነው አልኩ። ተማሪው ሊጽፍ ሲል አባባ በዘንጉ ተደግፎ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አባቷ ነኝ። አርባ ዓመት አጥንት ስጠግን ኖሬአለሁ። ያሰርኳትም እኔ ነኝ።»

 ይቆጡታል ብዬ ፈራሁ። ዶክተር ይባረክ ራጁን አነሣና «ይምጡ አያ፣ ይዩት» ብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። በብርሃኑ ላይ ዘረጋለት። አባባ ራጅ አይቶ አያውቅም፤ ግን ጣቱ ሳይሳሳት ስብራቱ ላይ ሄደ። አጥንቱን ቦታው መልሼዋለሁ፣ አልተጣመመም አለ። ዶክተሩም እውነቱን ነው፣ አልተጣመመም አለው። ታዲያ እግሯን ምን ገደለው ብሎ ጠየቀ አባባ። ዶክተሩ አንድ ደብዘዝ ያለ ቦታ አሳየው። አጥንቱ ሞቷል፤ የገደለው መግሉ ነው፤ ማሰሩም ደሙ እንዳይደርስለት አደረገ አለው።

አባባ ጣቱን ደብዘዝ ያለው ቦታ ላይ አሳረፈ። «እንግዲያ ቆዳው የተቀደደውን አልንካ?» አለ።

«አይንኩት። በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ እንዳይነቃነቅ ብቻ ደግፈው በዚያው ቀን ይላኩልን። ቀን በጨመረ ቁጥር እኛም ማድረግ የምንችለው ያንሳል።»

አባባ እሺ አለ። ተመልሶ ከአልጋዬ ሥር ተቀመጠና ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። እንግዲህ አያ፣ አባታችን በሰው ፊት ተነሥቶ እኔ ነኝ ብሏል። እንዲህ ብሎ የሚነሣ ስንት ሰው ታውቃለህ?

ለእርሻው ወደ አገር ተመለሰ። እኔን ሚያዝያ ላይ ከነአጥሬ አስወጡኝ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቀጠሮ ስላለኝ ግን አገሬ መግባት አልቻልኩም። ወይዘሮ ዙሌይካ በዚያው ሰሞን በዘንግ መሄድ ጀምረው ነበርና «አንድ ክፍል አለኝ፤ ሁለት አንካሶች አንድ ደጅ ይበቃናል» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ልጃቸው ፈትሂያ እንደ እህት አጠበችኝ፣ አበሰለችልኝ። ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ዝናብ ሳይ፣ ችንካሮቹን በጨው ውኃ ስጠርግ ከረምኩ። በየራጁ ያን ጭጋግ ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ታየ ሲሉኝ ፈትሂያ እልል አለች፤ በሚቀጥለው ራጅ አጡት። ልጆቼን ገብረ ኪዳንንና አዝመራን በስልክ ብቻ ነው የሰማሁት። ገብረ ኪዳን መቼ ትመጫለሽ ማለቱን ሰኔ ላይ ተወ። አዝመራ ደግሞ የአባቷን እናት «እናቴ» ማለት ጀምራለች።

ነሐሴ መጨረሻ መግሉ እንደገና ፈሰሰ። ዶክተር ይባረክ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። አባባ ከአገር ተመልሶ መጥቶ፣ እሱና ታከለ ከጎኔ ነበሩ። ናንዩኒየን ሆኗል አለ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ አልተያያዘም ማለት ነው። ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው የሞተውን አጥንት አውጥቶ፣ ከዳሌዬ አጥንት ወስዶ መተካት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል፤ ዓመት ከመንፈቅ፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት በአጥሩ መቆየት ነው፤ መግሉም ተመልሶ ሊያበላሸው ይችላል።

«ሁለተኛው ስሙ ማነው?» አልኩት።

«አምፑቴሽን» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በአማርኛ ይበሉኝ።»

«መቁረጥ። ከጉልበትሽ በታች። ጉልበትሽ ስለሚተርፍ በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ትችያለሽ።»

አባባ ይህን ሲሰማ የዶክተሩን እጅ ያዘ። «አጥንት ከሆነ የጎደላት ከእኔ ውሰዱላት» አለ። «እኔ ሄጄ ሄጄ ጨርሻለሁ።» ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ፣ የእርስዎ ለእሷ አይሆንላትም አያ አለው። አባባ ግን ለቀናት ያንኑ ይለምን ነበር፤ ዶክተሩ ባለፈ ቁጥር እየተነሣ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ታከለ የፈቀድሽው ይሁን አለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያለው። አባባ ግን አትቁረጡ፣ እግር ተተክሎ አይበቅልም ይል ነበር። ወይዘሮ ዙሌይካ ደብተራቸውን ይዘው መጡና የማላውቀው ቃል እንዳይቀር አንድ በአንድ አስጠየቁኝ። ስንት በመቶ ይድናል? ሰው ሠራሹ እግር ዳገት ይወጣል? ጉቶው ስንት ጊዜ ይቆስላል? ውኃ እቀዳለሁ? ዶክተር ይባረክ ለሁሉም መለሰልኝ፤ የማያውቀውንም አላውቅም አለ። በመጨረሻ ሁለት ዓመት ተኝቼ ሁለት እግር ከምይዝ በአንድ እግሬ ልጆቼ ዘንድ ልግባ አልኩ። ማንም አልገፋኝም። ሆስፒታሉም አልቆረጠኝም፣ አባባም አልቆረጠኝም። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። በዚያች ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ሁሉ አስነብቤ፣ አስፈትቼ፣ እስከ አባቴ ስም ጽፌ ፈረምኩ። 

ወረፋዬ ደርሶ መስከረም ሃያ ቀን ተቆረጥኩ። ስነቃ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነበር። ያን ማየት ከሕመሙ ይከፋል፤ ብዙ አልጽፍልህም። የሌለው እግሬ ዛሬም ያሳክከኛል፣ አውራ ጣቴን ያመኛል። ለዚህም ስም አለው፤ ፋንተም ፔይን ይባላል። መለሰ አንጎልሽ ገና አልሰማም አለኝ። እኔም ይስማ እንጂ፣ ምን እስኪደርስለት ይጠብቃል አልኩት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

በሰባተኛው ቀን አንተ ደወልክ። በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ አባባ የለም። ጋቢውን ደርቦልኝ ሄዷል። ውርጭ ወዳለበት አገር ያለ ጋቢ ነው የሄደው፤ ታከለ መናኸሪያ ድረስ ሮጦ አጣው።

ከዚያ የሰማሁት ይህ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ለፊዚዮቴራፒ ሆስፒታል ሄጄ በክራንች መራመድ ስለማመድ፣ ከእኛው አገር አንድ ሰው በቃሬዛ አስገቡ። ኃይለ ማርያም ይባላል፤ ቤት ሲከድን ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል፣ አጥንቱም ወጥቷል። ቁስሉ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኗል፤ እግሩ በቀርቀሃ ተደግፏል እንጂ አልታሰረም። የወደቀው በዋዜማው ነው። ዶክተር ይባረክ ማን እንዲህ አድርጎ እንደላከው ሲጠይቀው፣ «አያ አዳሙ አልነካህም ብሎ ሰዎቼን በቃል እያዘዘ አስደገፈኝ። ሲያዩህ ኦፕን ነው በላቸው ብሎ ሰደደኝ» አለ። ዶክተሩ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ክራንቹ ላይ እንደተደገፍኩ ቀረሁ። የኃይለ ማርያም እግር በዚያው ዕለት ታጠበ፤ ይተርፋል ይላሉ።

ግን ኃይለ ማርያም ሌላም ነገረኝ። አባባ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ወለምታ እንኳ ይዘው ቢመጡበት እጁን አይሰጥም፤ እጄ ከድቶኛል ይላል። በውኃ መቅጃው ሰው «የልጁን እግር ያስቆረጠ» ይለዋል አሉ። ሰው የሚለውን ይችለዋል፤ በሰው ወሬ ተንበርክኮ አያውቅም። ያንበረከከው የአንተ ቃል ነው፤ ልጁ ነህና።

እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር፤ እኔ ገና ሳልወለድ የሆነ ነው። ስድስት ዓመትህ ሳለ ከሾላ ዛፍ ወድቀህ የቀኝ ክርንህ ተሰብሮ ነበር። አባባ ሦስት ሌሊት ክንድህን በደረቱ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ አድሯል አለችኝ፤ በእንቅልፍህ እንዳትነቀንቀው። ምሕረት በላከችልኝ ፎቶ ሕፃኑን የታቀፍክበት ክንድ እሱ ነው። ደውልለት። ይቅርታ ብለህ አትጀምር፤ ይቅርታ ሲሉት ስልኩን እንደሚዘጋ ታውቃለህ። ስለ ክርንህ ንገረው። ቀጥ ብሎ እንደሚዘረጋ፣ ምን ምን እንደምትሸከምበት፣ ብርድ ሲሆን እንኳ እንደማያምህ ንገረው። እሱ ይጠይቅህ፣ አንተ መልስለት። የአጥንት ነገር ሲያነሡበት ዝም ብሎ መስማት አይችልም።

ለምሕረት በእንግድነት ሳይሆን በእህትነት ሰላም በልልኝ፤ አራስ ናትና ከባድ አታሸክማት። ትልቋን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አክስትሽ አንድ እግር ብቻ አላት ብለህ ራስህ ንገራት፤ ስታየኝ እንዳትደነግጥ። የሕፃኑን የክርስትና ስም ገና አልላካችሁልኝም፤ ለማን ብዬ ልጸልይ? ታከለ ሰላም ብሎሃል፤ ተቀይሞህ ነበር፣ አልፎለታል። ገብረ ኪዳንና አዝመራ አጎታቸውን ይናፍቃሉ። ወይዘሮ ዙሌይካና ፈትሂያም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። ሰው ሠራሹ እግር ለኅዳር ተቀጥሮልኛል፤ እሱን ተክዬ በመጀመሪያ የምሄደው ወደ አባባ ቤት ነው። በሩን ክፍት እንዳገኘው አድርግልኝ።

እህትህ ወለላ አዳሙ
ጎንደር፤ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.